ከጣሳው በፊት ምሳው

በሀዋሳ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች፣ ጂም መሥራት የጥቂት ወጣቶች ትርፍ ጊዜ መሆኑ ቀርቷል። ማለዳ ከሥራ በፊት፣ ማታ ከሥራ መልስ ብረት የሚያነሳው ሰው ተማሪ ነው፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ የባንክ ሠራተኛ ነው። ሴቶችም እየተጨመሩ ነው። ጂሙ ሲበዛ ተከትሎት ስለመጣው ሌላ ገበያ ግን ብዙ አልተባለም። በትልልቅ የፕላስቲክ ጣሳ የሚሸጠውን የጡንቻ ማሳደጊያ ዱቄት ማለቴ ነው። ዌይ ፕሮቲን፣ ማስ ጌይነር፣ ክሬቲን፣ ቢሲኤኤ፣ ፕሪ ወርክአውት፤ ሁሉንም ባይጠቀምም ስማቸውን የማያውቅ ወጣት ጂም ውስጥ ማግኘት ያስቸግራል። አንዳንዱ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ይገኛል፣ አንዳንዱ በጂሙ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ ይታያል፣ ብዙው ደግሞ በቴሌግራምና በቲክቶክ ታዝዞ በሰው እጅ ይመጣል። የሻጩ ዋስትና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ ነው የመጣው።»

እኔ የማምነው ይህን ነው። ከእነዚህ ምርቶች መካከል በትክክል የሚሠሩት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። ከእነሱም ውስጥ በምግብ ለመተካት የሚከብደው አንዱ ነው። የሀዋሳ ወጣት ለሌላው ከሚከፍል ምሳውን ቢያስተካክል ይበልጥ ያተርፋል። ትልቁ አደጋም ዱቄቱ በራሱ አይደለም፤ ማንም ሳይፈትሸው ከሻንጣ ወጥቶ ሆድ መግባቱ ነው።

ጉጉቱን ግን ከንቱ ውበት ነው ብሎ ማጣጣል ተገቢ አይመስለኝም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ወንዶች 33 በመቶው፣ ከሴቶች ደግሞ 22 በመቶው ክብደታቸው ለቁመታቸው ከሚገባው በታች መሆኑን አሳይቷል። ከሦስት ወንድ አንዱ ማለት ነው። በዚህ አገር ከዘመድ ጋር ከርመው ሲገናኙ «ተመችቶሃል!» ምስጋና ነው፤ «ምነው እንዲህ ከሳህ?» ደግሞ የታመመ ሰው የሚጠየቅበት ድምፅ አለው። በቅጥነቱ ሲቀለድበት ያደገ የ19 ዓመት ልጅ «በወር ስድስት ኪሎ ይጨምራል» የሚል ጣሳ ሲያይ ልቡ ቢሸነፍ አይፈረድበትም። የሚፈረደው ያን ልብ አይቶ ዋጋ በሚጨምረው ላይ ነው።

ጡንቻ የሚያድገው ከለመደው በላይ ሲሠራ ነው። ከዚያ ሲያርፍ፣ ሲተኛና የሚታነጽበትን ፕሮቲን ከምግብ ሲያገኝ ወፍሮና ጠንክሮ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 በብሪታንያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት የታተመ አንድ ትልቅ ትንተና 49 ጥናቶችንና 1,863 ሰዎችን አንድ ላይ አድርጎ ተመልክቷል። ብረት ከማንሳት ጎን ተጨማሪ ፕሮቲን የወሰዱት ካልወሰዱት በልጠው ያገኙት በአንድ ጊዜ ማንሳት በሚችሉት ከፍተኛ ክብደት ላይ በአማካይ 2.5 ኪሎ ያህል፣ ከስብ ውጭ ባለው የሰውነት ክብደት ላይ ደግሞ 300 ግራም ገደማ ነበር። ጥቅም አለው፤ ነገር ግን የዕድገቱ አብላጫ የመጣው ከልምምዱ ራሱ ነው። ይኸው ትንተና ሌላም ቁጥር ሰጥቶናል፦ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ1.6 ግራም በላይ ፕሮቲን መውሰድ ጡንቻ ላይ የሚጨምረው አልታየም። 65 ኪሎ የሚመዝን ወጣት በዚህ ስሌት በቀን 104 ግራም ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚጠጣው ዱቄት በአብዛኛው ለኃይል ይቃጠላል፣ ናይትሮጅኑም በሽንት ይወጣል።

አሁን አንድ ጣሳ እናንሳና ጀርባውን እናንብብ። በብዛት የሚታየው ትልቁ የዌይ ጣሳ 2.27 ኪሎ ነው፤ በአሜሪካኖች መለኪያ አምስት ፓውንድ። በውስጡ ያለው ማንኪያ 30 ግራም ገደማ ዱቄት ይይዛል፣ ከዚያ ውስጥ 24 ግራሙ ፕሮቲን ነው። በዚህ ከሄድን ጣሳው 75 ማንኪያ ይወጣዋል፤ በጠቅላላው 1,800 ግራም ፕሮቲን። አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን ስላለው ጣሳው በፕሮቲን ይዘቱ የ300 እንቁላል እኩያ ነው። 100 ግራም ጥሬ የዓሣ ወይም የከብት ሥጋ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን ስለሚሰጥ፣ የ9 ኪሎ ሥጋ እኩያም ነው። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ሂሳቡን አንባቢ በራሱ ሰፈር ዋጋ ይሥራው፤ የ300 እንቁላል ዋጋ በአንድ እጅ፣ የጣሳው ዋጋ በሌላው። ከሥጋ ጋር ሲነጻጸር ዱቄቱ ያን ያህል ላይርቅ ይችላል፣ ይህን መካድ አይገባም። ከእንቁላል፣ ከሽሮና ከምስር ጋር ሲነጻጸር ግን ጣሳው የሚያሸንፍበትን ቀን ለማሰብ ይከብደኛል።

ዌይ ማለት አይብ ሲሠራ ከርጎው ተለይቶ የሚወጣው አጓት ደርቆና ተጣርቶ ነው። ምሥጢር የለውም። ምግብ ነው። በፍጥነት ይፈጫል፣ ሉሲን የሚባለው ጡንቻን የሚያነቃቃ አሚኖ አሲድ በብዛት አለው፤ ከሥራ ወደ ጂም፣ ከጂም ወደ ቤት ለሚሯሯጥ ሰው ይመቻል። ብረት ካነሱ በኋላ በሠላሳ ደቂቃ ውስጥ ካልጠጡት ልፋቱ ከንቱ ነው የሚለው ግን የሻጭ ማስቸኮያ ነው። የሚቆጠረው የቀኑ ድምር ነው።

የሀዋሳ ሰው ደግሞ የቀኑን ድምር የሚሞላበት ስፍራ በእጁ ነው። በሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ማለዳ ጀልባዎቹ ሲመለሱ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከመረብ ወጥቶ እዚያው ዳር ላይ ቅርፊቱ ይፈገፈጋል፣ ቢላው ከጭራው ገብቶ በአከርካሪው በኩል እስከ አንገቱ ይሄዳል፣ ሁለቱ የጎን ሥጋዎች ይለያሉ፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ይቀመጣል። የወደቀውን አንጀት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይሻሙበታል። እንዲህ የወጣ 200 ግራም የዓሣ ሥጋ 40 ግራም ፕሮቲን ነው፤ ከአንድ ማንኪያ ተኩል ዌይ በላይ ማለት ነው፣ ያውም ከነዳጣው። በዘይት ተጠብሶ ሲመጣ ስቡ ይጨምራል፤ ኪሎ መጨመር ለሚፈልግ ቀጭን ልጅ ግን ይህም ጉዳት አይደለም። ሐይቁ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሌሎች ዓሣዎችን በሚበላው በትልቁ ቢልጫ ሥጋ ውስጥ ከቆሮሶ የበዛ ሜርኩሪ አግኝተዋል፤ ስለዚህ በየቀኑ ዓሣ የሚበላ ሰው ቆሮሶን ቢመርጥ ይሻለዋል። ያላደገውን ዓሣ የሚያጠምደው መረብ ካልተገታ ይህ ምሳ እየተወደደ እንደሚሄድም ግልጽ ነው። የጂም ልጆች ስለ ሐይቁ ቢጮሁ ለራሳቸው ጡንቻ መጮኻቸው ነው።

የቀን ምግቡን በቁጥር ልዘርዝር፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከምክር ይልቅ ሂሳብ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። ሦስት እንቁላል 18 ግራም። 200 ግራም ዓሣ 40። ከ80 ግራም ያህል የሽምብራ ዱቄት የተሠራ ሽሮ 16። በቀኑ የተበላው እንጀራ 200 ግራም ያህል ጤፍ ቢሆን 24። ግማሽ ሊትር ወተት 16። ድምሩ 114 ግራም ነው፤ የ65 ኪሎው ልጅ ከሚያስፈልገው አሥር ግራም አልፏል። በጾም ቀን እንቁላሉ፣ ዓሣውና ወተቱ ይወጣሉ። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24፣ ሽሮው 16፣ እንጀራው 24፣ 100 ግራም ባቄላ 25፣ ጭብጥ የምታክል 50 ግራም ለውዝ 13፤ 102 ግራም። ሁለት ግራም ጎደለ ብሎ ጣሳ የሚገዛ የለም። የእህሉ ፕሮቲን የሚጎድለው ላይሲን በጥራጥሬው ውስጥ ሞልቷል፤ እናቶቻችን እንጀራን ከሽሮና ከክክ ጋር ሲያቀርቡ የአሚኖ አሲድ ሰንጠረዥ አላዩም፣ ትክክል ግን ነበሩ።

በሲዳማ ገጠር አድጎ ከተማ የገባ ወጣት ላይ የሚገጥም አንድ ነገር አለ። ዋናው ምግብ ዋሳ ነው፣ ሌላው ኢትዮጵያዊ ቆጮ የሚለው። ዋሳ ኃይል ይሰጣል፣ ሆድ ይይዛል፣ ድርቅ ከሚችለው ከእንሰት ግንድና ሥር የሚሠራ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ጥቂት ነው፣ በ100 ግራም ከአንድ እስከ ሁለት ግራም ገደማ። አባቶች ይህን በተግባር ስለሚያውቁት ዋሳን ከወተት፣ ከጎመን፣ ከባቄላና ሲገኝ ከሥጋ ጋር ይበሉታል። ከተማ ሲገባ ላሟ ትቀራለች፣ ባቄላውም ይቀራል፣ ዋሳው ወይም ዳቦው ብቻ ይቀጥላል። እንግዲህ ጡንቻ አልመጣልኝም የሚለው ልጅ ፕሮቲን የጎደለው እውነት ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ የተፈጠረው ግን ጣሳ ስላልገዛ አይደለም፤ ገበታው ስለተሰበረ ነው።

የገንዘብ አቅምን ሳያነሱ ስለዚህ ከተማ ማውራት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2019 በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የንግድና ሰብዓዊ መብት ማዕከል ስለ ሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያወጣው ሪፖርት የአንድ አዲስ ሠራተኛ መነሻ የወር ደመወዝ 26 ዶላር እንደነበር ጽፎ ብዙ አነጋግሯል። ትልቁ የዌይ ጣሳ በውጭ አገር እንኳ ከ60 ዶላር በላይ ይሸጣል። በዚያ ስሌት ከሁለት ወር በላይ ደመወዝ ለ75 ማንኪያ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዓመት ሳይሞላ የዶላር የባንክ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በሻንጣ የሚገባው ዕቃ ግን ቀድሞም በጥቁር ገበያ ዶላር ይተመን ስለነበር ለጂም ልጅ ዋጋው የናረው ከዚያ በፊት ነው። ዋጋው ሲንር ሁለት ነገር ይከተላል፦ እየተከፋፈለ በፌስታል የሚሸጥ ዱቄት፣ ከዚያም በዓይን ከእውነተኛው የማይለይ ሐሰተኛ ጣሳ። በፌስታል የተሸጠ ዱቄት መለያ ቁጥር የለውም፣ የሚያበቃበት ቀን የለውም፣ ምን እንደሆነም የሚያውቀው የሞላው ሰው ብቻ ነው።

ማስ ጌይነር ለሚባለው የተለየ ቃል ያስፈልጋል፤ ቀጭኑ ልጅ መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነውና። ከእነዚህ መካከል የታወቁት በአንድ አወሳሰድ 1,250 ካሎሪ፣ 50 ግራም ፕሮቲንና 250 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣሉ። ካርቦሃይድሬቱ በአብዛኛው ማልቶዴክስትሪን ነው፣ ከበቆሎ ወይም ከሌላ ስታርች የሚወጣ በፍጥነት ወደ ስኳርነት የሚለወጥ ዱቄት። አንድ አወሳሰድ የሚሉት ከ300 ግራም በላይ ስለሆነ ያ ሁሉ ጣሳ ሳምንትና ከዚያ ጥቂት በላይ ብቻ ነው የሚቆየው። ሰውዬው በዶላር ስታርች ገዛ ማለት ነው። በሶ በማርና በለውዝ፣ ወይም አጥሚት በወተት፣ ያንኑ ካሎሪ የሚሰጥ፣ ከምን እንደተሠራም ዓይን የሚያየው ነገር ነው። አትሌቶቻችን በሶ ይዘው ልምምድ የሚወጡት የሚበሉት አጥተው አይደለም።

ፕሪ ወርክአውት የሚባለው ሌላው ነው። በውስጡ ብዙ ስም ተደርድሯል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ከሞላ ጎደል ካፌይን ነው። ካፌይን እውነትም ይሠራል፦ ከልምምድ በፊት ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም መውሰድ ጉልበትንና ጽናትን እንደሚያሻሽል በብዙ ጥናት ታይቷል፤ የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2004 ከተከለከሉት ዝርዝር አውጥቶታል። ቡና የሚለቀምበት የሲዳማ ምድር ላይ ተቀምጦ ከባሕር ማዶ ቀለም የገባበት ካፌይን በዱቄት መግዛት ያሳዝነኛል። ከጀበና የወጣው ቡና መጠኑን ሰውነት ያውቀዋል፤ ከጣሳ የወጣውን ግን አንዳንዱ ልጅ ማንኪያውን ደርቦ፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ይጠጣና እንቅልፉን ያጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጡንቻ አያበቅልም።

ቢሲኤኤ በቂ ፕሮቲን ለሚበላ ሰው የሚጨምርለት ነገር የለም። ቴስቶስትሮን ይጨምራሉ ተብለው ከሚሸጡት እንክብሎች ብዙዎቹ ደግሞ የአብሽ ጭማቂ አለባቸው። አዎ፣ አያቶቻችን ለአራስና ለደከመ ሰው በማር የሚያጠጡት አብሽ። ትንንሽ ጥናቶች ተሠርተውበት ውጤቱ ተደበላልቋል። ተጣርቶ፣ በእንክብል ገብቶ፣ የበሬ ሥዕል ተለጥፎበት ሲመለስ ግን የገበያው ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆኗል።

እንግዲህ ክሬቲን ይቀራል፤ በምግብ ለመተካት የሚከብደው ያልኩት እሱን ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭሮል እ.ኤ.አ. በ1832 ከሥጋ ለይቶ አገኘው። ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል፣ የቀረውን ከሥጋና ከዓሣ እናገኛለን። ሥራው ይህ ነው፦ ጡንቻ በከባድ ጉልበት ሲሠራ ኃይል የሚሰጠው ኤቲፒ በጥቂት ሰከንድ ይሟጠጣል፤ በክሬቲን ፎስፌት መልክ የተቀመጠው ክምችት በቶሎ ይተካዋል። ክምችቱ የሞላ ሰው ስምንት ጊዜ ያነሳውን ብረት ዘጠኝ ወይም አሥር ጊዜ ያነሳል፤ ያቺ ትርፍ ወራት ስትጠራቀም ጡንቻ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1992 ሮጀር ሃሪስና ባልደረቦቹ በአፍ የሚወሰድ ክሬቲን የጡንቻን ክምችት እንደሚያሳድግ ካሳዩ ወዲህ በስፖርት ዓለም ከዚህ በላይ የተጠና ማሟያ ጥቂት ነው። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይበቃል። በመጀመሪያው ሳምንት 20 ግራም እየተባለ የሚመከረው ክምችቱን ለማፋጠን እንጂ ግዴታ አይደለም፤ በቀን 3 ግራም የወሰደም ሰው በአንድ ወር ገደማ እዚያው ይደርሳል። አንድ ኪሎ ጥሬ የከብት ሥጋ ከ4 እስከ 5 ግራም ክሬቲን ብቻ ስለሚይዝ በየቀኑ አንድ ኪሎ ሥጋ ካልበሉ በቀር ይህን መጠን ከምግብ ማግኘት አይቻልም። የ300 ግራም ጣሳ ደግሞ በቀን 3 ግራም ለሚወስድ ሰው 100 ቀን ይቆያል። እንግዲህ ገንዘብ የግድ ለአንድ ጣሳ ይውጣ ከተባለ ለዚህ ይውጣ።

ከእኛ ኑሮ ጋር የሚገናኝበት አንድ ተጨማሪ መንገድ አለ። ሥጋ የማይበሉ ሰዎች በጡንቻቸው ያለው ክሬቲን ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲወስዱት የሚያገኙት ጥቅም ብዙውን ጊዜ ይበልጣል። የጾም ወራትን ሁሉ የሚጾም የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከግማሽ በላይ ቀናትን ያለ ሥጋ ያሳልፋል። ዌይ የወተት ተዋጽኦ በመሆኑ በጾም አይገባም፤ በፋብሪካ የሚመረተው ክሬቲን ግን ከእንስሳ አይወጣም፣ ከኬሚካሎች ውህደት የሚገኝ ነው። በእንክብል ሲሆን ግን ሽፋኑ ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ጄላቲን ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ጥያቄ ነው፣ ስለዚህ ዱቄቱ ይመረጣል።

ክሬቲን የሚወስድ ሰው ማወቅ ያለበት ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ በአብዛኛው በጡንቻ ውስጥ የተያዘ ውኃ ነው፤ ሻጩ «አየህ ሥራውን?» ቢል አይታለል። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ክሬቲን ሲፈርስ ክሬቲኒን ይሆናል፣ የኩላሊት ምርመራ የሚለካውም ክሬቲኒንን ነው። ስለዚህ ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ የጂም ልጅ ደም ሲመረመር ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊታይና «ኩላሊትህ ታሟል» ሊባል ይችላል። ለሐኪም ወይም ለላቦራቶሪ ባለሙያው «ክሬቲን እወስዳለሁ» ማለት ብዙ ጭንቀት ያስቀራል። ጤነኛ ሰው በመጠኑ ሲወስደው ኩላሊት እንደሚጎዳ አልታየም። አስቀድሞ የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን ያለ ሐኪም ምክር ባይነካው ይሻላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ጣሳው ውስጥ ያለው ነገር የተጻፈው እንደሆነ በማሰብ ነው። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በርበሬ ስንገዛ በቀለሙ፣ በመዓዛው፣ በጣት መካከል በመፍጨት አፈር መግባት አለመግባቱን እንፈትናለን፤ ነጭ ዱቄትን የሚፈትን ጣት ግን የለም። በዓለም ዙሪያ የፕሮቲን መጠን በብዛት የሚለካው ናይትሮጅንን በመቁጠርና በ6.25 በማባዛት ነው። ማጭበርበር የሚፈልግ ሰው ናይትሮጅን ያለው ርካሽ ነገር ቢጨምር መሣሪያው ፕሮቲን ብሎ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻይና የሕፃናት ወተት ውስጥ ሜላሚን የተጨመረው በዚህ ዘዴ ነበር፤ ስድስት ሕፃናት ሞተው ወደ 300,000 የሚጠጉ ታመዋል። በጡንቻ ዱቄቱ ገበያ ደግሞ እንደ ግላይሲንና ታውሪን ያሉ ርካሽ አሚኖ አሲዶችን ጨምሮ የፕሮቲኑን ቁጥር ማሳበጥ የታወቀ ነገር ነው። ይህ ኪስን ይጎዳል፣ ሰው ላይገድል ይችላል።

አካልን የሚጎዳው ሌላኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 እና 2001 የጀርመኑ የኮሎኝ ላቦራቶሪ ከ13 አገሮች የተገዙ፣ ሆርሞን አለባቸው ያልተባሉ 634 ማሟያዎችን መርምሮ በ94ቱ ውስጥ መለያቸው ላይ ያልተጻፈ ስቴሮይድ አግኝቷል፤ 14.8 በመቶ ማለት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2016 ያልተፈቀደ መድኃኒት የተቀላቀለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 776 ማሟያዎች ውስጥም 11.9 በመቶው ለጡንቻ የሚሸጡ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ስቴሮይድ ነበራቸው። በወር ስድስት ኪሎ ጡንቻ የሚጨምር ዱቄት በእውነት ካለ፣ ውስጡ ሆርሞን መኖሩን መጠርጠር ይገባል። ከውጭ የሚገባ ወንዴ ሆርሞን የራስን ምርት ያቆማል፤ የዘር ፍሬ ይሟሽሻል፣ ልጅ የመውለድ አቅም ይቀንሳል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፤ በአፍ የሚወሰደው ደግሞ ጉበትን ይጎዳል። የ22 ዓመት ልጅ ይህን ሳያውቅ በእንጆሪ ጣዕም ሊጠጣው ይችላል።

«አሜሪካ የተሠራ ነው» የሚለውም ዋስትና አይሆንም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ማሟያ ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ተፈትኖ ፈቃድ እንዲያገኝ አይጠየቅም፤ መንግሥት የሚገባው በአብዛኛው ጉዳት ከታየ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ በወረቀት ላይ ያለው ሥርዓት በአንድ በኩል ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብን ደህንነት ይቆጣጠራል፣ በሕጋዊ መንገድ የሚገባ የምግብ ማሟያም በእሱ በኩል ማለፍ አለበት። ነገር ግን ሻንጣ በእሱ በኩል አያልፍም። የቴሌግራም ቻናል መደርደሪያ የለውም፣ ተቆጣጣሪ በሩን አያንኳኳም። የጂሙ ባለቤት ስለ ማሽኑና ስለ ንጽሕናው ይጠየቅ ይሆናል፣ ጠረጴዛው ላይ ስላለው ጣሳ የሚጠይቀው ግን የለም። ፋርማሲ የሚሸጠውና ከሻንጣ የወጣው አንድ ስም ይዘው፣ አንድ ሥዕል ለብሰው፣ በሁለት የተለያየ ዓለም ይኖራሉ፤ ገዢው ልዩነቱን የሚያይበት ቦታ የለም።

ጉዳዩ ለስፖርተኛ የባሰ ነው። ሀዋሳ የሀዋሳ ከተማና የሲዳማ ቡና እግር ኳስ ክለቦች መኖሪያ ናት፤ ወደ ክለቦቹ ለመግባት የሚሮጡ ታዳጊዎች በየጂሙ አሉ። መጋቢት 2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር የዶፒንግ ቁጥጥራቸው አሳሳቢ ከሆነ አገሮች ተርታ አስቀምጧት ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን ተቋቁሞ ምርመራውና ትምህርቱ ተስፋፍቷል። የፀረ-ዶፒንግ ሕግ መሠረት ግን ምሕረት አያውቅም፦ በሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው ሁሉ ተጠያቂው አንተ ነህ፣ ከየት እንደገባ ባታውቅም። ከቴሌግራም የተገዛ አንድ ማንኪያ የአንድን ታዳጊ የኳስ ሕይወት ገና ሳይጀመር ሊዘጋው ይችላል። አሠልጣኙ «ኮች» ተብሎ ሲጠራ፣ ይህን የማስተማር ሥራም ትከሻው ላይ ነው። ጣሳ ለሚሸጥ አሠልጣኝ ደግሞ ይህን ማስተማር ከራሱ ኪስ ጋር ይጋጭበታል፤ ስለዚህ ሁለቱን ሥራዎች አንድ ሰው ባይሠራቸው ጥሩ ነው።

ሀዋሳ ይህን ለመፍታት ከሌሎች ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግብ ትምህርት ክፍል በአገሪቱ ከታወቁት አንዱ ነው፤ ከካናዳው የሳስካቼዋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖም ሽምብራንና ባቄላን የመሰሉ ጥራጥሬዎች በደቡብ ገበታ ላይ እንዲበዙ ለዓመታት ሠርቷል። ፕሮቲን ከየት እንደሚገኝ የሚያውቀው ሰውና ፕሮቲን ፍለጋ ደመወዙን የሚከፍለው ልጅ በአንድ ከተማ ይኖራሉ፤ አልተገናኙም እንጂ። በምሥራቅና በሌሎቹ ክፍለ ከተሞች በብዛት ከሚሸጡት ጣሳዎች አሥሩን ገዝቶ መመርመር የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ ይሆናል። ናይትሮጅን መለካት ብቻ እንደማይበቃ ከላይ ስላየን የአሚኖ አሲዱ ዝርዝር መታየት አለበት፤ ስቴሮይድ ፍለጋው ደግሞ የባለሥልጣኑን ላቦራቶሪ ትብብር ይጠይቃል። ውጤቱ በምርቱ ስምና በመለያ ቁጥሩ ይውጣ፣ በአማርኛና በሲዳምኛ ተጽፎ በየጂሙ መግቢያ ይለጠፍ። ባለሥልጣኑም የመዘገባቸውን ማሟያዎች ዝርዝር ማንም ወጣት በስልኩ በቀላሉ ፈልጎ በሚያገኘው መልክ ያውጣ። እስከዚያው ድረስ ጣሳ የሚገዛ ሰው ከሻጩ ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ የባለሥልጣኑን ምዝገባ፣ በጣሳው ላይ የታተመውን መለያ ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን፣ እንዲሁም ደረሰኝ። ሦስቱን የሚሰጥ ሻጭ ካላገኘ ገንዘቡን ይዞ ወደ አሞራ ገደል ይውረድ።